ላጤ ሆኜ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ልሂድ? ደመወዙ በ10,000 ብር ይበልጣል፤ በእጄ የሚቀረው ግን ያንሳል

የሞላሌ ልጅ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። የተወለድኩት ሰሜን ሸዋ፣ ሞላሌ ነው፤ ለትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን መጥቼ በዚያው ሥራ ይዤ ቀረሁ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ አላገባሁም፣ የታጨሁለትም የለም። በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ወር ቃሊቲ አካባቢ የሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ፈትኖኝ አልፌያለሁ፤ እስከ ኅዳር 25 ድረስም ቁርጡን እንዳሳውቃቸው ጠይቀውኛል። ይህን የምጽፈው መካሪ አጥቼ አይደለም። የሚመክረኝ ሁሉ «ሂጂ» ወይም «ተዪው» ከማለት አልፎ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ሒሳብ ምን እንደሚመስል አብሮኝ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ስላጣሁ ነው።

የራሴን ስሌት ላስቀምጥ። አሁን ያልተጣራ ደመወዜ 12,000 ብር ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት 2,250 ብር ግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 840 ብር ደግሞ ለጡረታ ተቆርጦ 8,910 ብር እጄ ይገባል። ጠባሴ ለተከራየኋት አንድ ክፍል 2,500 ብር እከፍላለሁ፤ የምሄደው በፋብሪካው ሰርቪስ ስለሆነ ለመጓጓዣ የማወጣው የለም። አዲሱ መሥሪያ ቤት የሚሰጠኝ 22,000 ብር ነው። ግብሩ 5,650፣ ጡረታው 1,540 ሲነሣ 14,810 ብር ይተርፋል። እዚህ ድረስ ደስ ይላል። ነገር ግን ኮተቤ አካባቢ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ባስጠይቅ የተነገረኝ ዋጋ 9,000 ብር ነው። ኪራዩ ሲነሣ አሁን 6,410 ብር ይቀረኛል፤ እዚያ ግን 5,810። ደመወዜ በ10,000 ብር አድጎ ከኪራይ በኋላ የሚቀረኝ በ600 ብር ያንሳል ማለት ነው።

ለእናቴ በየወሩ የምልከው 2,000 ብር አለ፤ ይህ የማይነካ ነው። ከኮተቤ ቃሊቲ ደርሶ ለመመለስ በቀን 80 ብር ብገምት በ26 የሥራ ቀን 2,080 ብር ይሆናል። እንግዲህ ለምግብ፣ ለስልክ፣ ለሳሙና፣ ለልብስ፣ ለልቅሶ ቤትና ለሠርግ የሚተርፈኝ 1,730 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ አይኖርም።

ታዲያ ለምን አልተውኩትም ትሉኝ ይሆናል። ከክፍል ኃላፊያችን በታች ያለነው አራት ነን፤ ኃላፊያችንም ጡረታ ለመውጣት ገና 14 ዓመት ይቀራቸዋል። ሌላው ምክንያት ለመጻፍ ትንሽ ያሳፍራል፤ በየማኅበሩና በየክርስትናው «ደግሞ ያንቺስ መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ሰልችቶኛል። ባለትዳር ብሆን ኖሮ ይህ ኪራይ ለሁለት ይካፈል ነበር፤ የኔ ጥያቄም ይኸው ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ይህን ከተማ እንዴት ይችለዋል?

እነዋሪ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018

እኅቴ፣ ስሌትሽ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መነሻው ነው። ኮተቤን የመረጥሽው ለምንድን ነው? መልሱን ስለማውቀው ነው የምጠይቅሽ። የኛ የሰሜን ሸዋ ሰው ላምበረት መናኸሪያ ይወርድና ከላምበረት ብዙም ሳይርቅ ይቀራል፤ ኮተቤ፣ ካራ፣ የካ አባዶ፣ ካልሆነም ለገጣፎ። ዘመድ እዚያ አለ፣ ሽሮና በርበሬ ከአገር ቤት ሲላክ ለመቀበል ይመቻል፣ ለበዓል ለመሄድም መኪናው ቅርብ ነው። እኔም ስድስት ዓመት ካራ የኖርኩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱን ዓመት ሥራዬ ሳሪስ ነበርና ከቤት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ከምሽቱ 2 ሰዓት እመለስ ነበር። ቃሊቲ ማለት ደግሞ ከላምበረት ጋር ሲተያይ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። በ2008 መስከረም ሥራ የጀመረው ባቡር እስከ ቃሊቲ ይሄዳል፤ ሆኖም በጠዋት ሰዓት ገብቶ መቆሚያ ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ስለዚህ ከሥራው ቦታ ተነሥተሽ ቤት ፈልጊ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ፤ እነዚህን ሳታዪ ቁርጥ ውሳኔ ላይ አትድረሺ። ዘመድ የሌለበት አካባቢ መሆኑ ይከብዳል፤ አልክድም። ግን ዘመድን በወር አንድ ጊዜ ነው የምትጠይቂው፤ ታክሲ ግን በቀን አራት ጊዜ ትሳፈሪያለሽ።

ሌላው ነገር ውል ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ አከራይም ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ይህን የምነግርሽ ሁሉም አከራይ ያከብረዋል ብዬ አይደለም፤ የስድስት ወር ሲጠይቁሽ እንዳትደነግጪ እንጂ።

መምህር ከሰላ ድንጋይ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሒሳብ የተማርሽ መሆንሽ ያስታውቃል፤ ስለ እናትሽ የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከቁጥሩ ሁሉ ይበልጥ ከበደኝ። ከደብረ ብርሃን ሞላሌ ለመድረስ ጣርማ በር ደርሶ በመዘዞ በኩል መታጠፍ ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ጠዋት ተነሥተሽ ለምሳ ትደርሻለሽ። ከአዲስ አበባ ግን ተጨማሪ 130 ኪሎ ሜትር አለ፤ የቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ ካለሽ እሑድን ይዘሽ ደርሶ መልስ አይታሰብም። መንገድ ሲዘጋማ ይኸው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ቢያንስ መንገዱ የተከፈተበትን ሰዓት ጠብቆ ይንቀሳቀሳል።

አዲስ አበባን በ1879 የቆረቆሩት እኮ ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ላይ ሰፍረው፣ ከእንጦጦም ወደ ፍል ውሃ የወረዱ የሸዋ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሲወርዱ ከነቤተሰባቸው፣ ከነጭፍራቸው፣ ከነንስሐ አባታቸው ነበር። ብቻውን ጓዙን ሸክፎ የወረደ አልነበረም። እኔ አትሂጂ አልልሽም፤ መጀመሪያ ትዳርሽን ያዢ፣ ከዚያ ሁለት ሆናችሁ ውረዱ ነው የምልሽ። አንቺው ራስሽ ኪራዩ ለሁለት ቢካፈል እንደሚቀል ጽፈሻል።

አረርቲ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018

መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። ኪራይ ለመካፈል ተብሎ ትዳር አይያዝም፤ ኪራይ የምትካፈል ሴት ልጅ ማግኘት ባል ከማግኘት ይቀላል።

ለጠያቂዋ፦ እኔ ከአረርቲ መጥቼ አዲስ አበባ ስኖር አራተኛ ዓመቴ ነው፤ እኔም አላገባሁም። ከገንዘቡ በፊት ሊነገርሽ የሚገባው፣ ብቻዋን ለምትኖር ሴት አከራይ የሚያቀርበው የተለየ ፈተና መኖሩ ነው። መጀመሪያ የተከራየሁት ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ ቤት ነበረች። አከራዬ ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት የጠየቁኝ የት እንደምሠራ አልነበረም፤ «እጮኛ አለሽ? ይመጣል?» ነው ያሉት። የግቢው በር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አይከፈትም፤ ወንድሜ ከአገር ቤት መጥቶ ሳሎን ወንበር ላይ ሳያስቀምጡት፣ መታወቂያውን ሳያዩ አላስገቡትም። በጎን ክፍል ለሚኖረው ወንደላጤ ግን በሩ በስድስት ሰዓትም ይከፈትለት ነበር። የሒሳብ ሰው ነሽና የዓመት መዝጊያ ላይ ማምሸት ይኖርብሻል፤ ስለዚህ ቤት ስታዪ ከውሃና ከመብራቱ ጋር የበሩንም ሰዓት ጠይቂ።

ኮንዶሚኒየም በዚህ በኩል ነፃ ያወጣል። ደረጃውን ወጥተሽ የራስሽን በር ከዘጋሽ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቅሽም። ታዲያ ነፃነቱ ውድ ስለሆነ ከሌላ ሴት ጋር ተካፈዪው። እኔ አሁን ሰሚት ባለ አንድ መኝታ ውስጥ ከአንዲት ነርስ ጋር እኖራለሁ፤ እሷ አዳር ስትገባ ቤቱ የኔ ነው፣ እኔ ሥራ ስውል የሷ ነው። አብሮሽ የሚኖረውን ሰው ስትመርጪ ከጠባዩ ቀጥሎ የሥራ ሰዓቱን እዪ።

ጠባሴ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018

እኔ ተመልሼ የመጣሁ ነኝ። ሦስት ዓመት ጀሞ ኖሬ በ2015 ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ፤ የመለሰኝም ገንዘብ ማጣት አይደለም።

አንድ ክረምት ታይፎይድ ያዘኝ። ትኩሳቱ ሲበረታ አንሶላውን ገልጬ መነሣት አቃተኝ፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ጀሪካን ባዶ እንደሆነ እያየሁት ሁለት ቀን ተኛሁ። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ስሙን ግን አላውቀውምና ምን ብዬ ልጥራው? በሦስተኛው ቀን የሥራ ባልደረባዬ ስልኬ ስላልተነሣ መጥቶ አገኘኝ። እዚህ ደብረ ብርሃን የተከራየሁባቸው እማማ ጠዋት በሬ ሳይከፈት 3 ሰዓት ከሆነ «ምነው፣ ቆፈኑ ያዘህ እንዴ?» እያሉ በከዘራቸው በሩን ይመቱታል። አንዳንዴ ቅዳሜ ጠዋት ያናድደኛል። ቢሆንም ያችን ሁለት ቀን አስታውሼ ተነሥቼ እከፍታለሁ።

ሌላም አለ። ደብረ ብርሃን ያኔ ትተናት የሄድናት ከተማ አይደለችም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ከተመረቀ ወዲህ፣ ከቢራና ከብቅል ፋብሪካዎቹ በተጨማሪ አዳዲስ ድርጅቶች ገብተዋል፤ የሒሳብ ባለሙያ የሚፈልጉም አሉ። ፋብሪካሽ ውስጥ ማደጊያ ከሌለ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፋብሪካ ጠይቀሻል? በቤት ማኅበር ተደራጅተሽ ከሆነም መልቀቅሽ ተራሽን ምን እንደሚያደርገው አጣሪ። ከተማው ይውደድሽ አይውደድሽ ሳታውቂ እዚህ የያዝሽውን አትልቀቂ።

ደነባ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ፣ ሦስት ቀን እዚህ ሆኖ መሥራት አይቻልም? ሒሳብ እኮ በኮምፒውተር ነው።

እነዋሪ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018

አስመጪ ድርጅት ነው ወንድሜ። ደረሰኙ፣ የጉምሩክ ሰነዱ፣ የመጋዘን ቆጠራው ሁሉ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም ያለው ቃሊቲ ነው።

የሞላሌ ልጅ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለጻፋችሁልኝ አመሰግናለሁ።

መምህር፣ ያሉት ገብቶኛል፤ ስለ እናቴ የጻፉትን ለእርሷ በስልክ አነበብኩላት። ከአንኮበር ለወረዱት ጭፍራም አገልጋይም ነበራቸው፤ እኔ ያለኝ ሁለት ሻንጣ ነው። እናቴም የመለሰችልኝን ልንገርዎ፤ «እኔን ምክንያት አታድርጊኝ፤ ቀርተሽ ስታዝኚ ከማይ ሄደሽ ብትናፍቂኝ ይሻለኛል» ነው ያለችው። አሁን እርሷን ሰበብ ማድረግ ስለማልችል ነገሩ የበለጠ ከበደኝ።

ጠባሴ፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ሁለት ድርጅቶች ጠይቄያለሁ። አንዱ ቦታ የለም አለኝ፤ ሌላው 13,500 ብር አቀረበልኝ። ስለ ታይፎይዱ የጻፍከው ግን ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

አረርቲ፣ የሥራ ሰዓት ያልሽው አላሰብኩትም ነበር። የዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዬ አቃቂ ትሠራለች፤ ቱሉ ዲምቱ ከእኅቷ ጋር ትኖር የነበረች ሲሆን እኅቷ በመስከረም ወደ ባሕር ዳር ተዛውራለች። ዛሬ ደውዬ እጠይቃታለሁ።

ጫጫ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018

የምሠራው የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ስለሆነ፣ ማንም ያላነሣውን ነገር ላንሣ። እስካሁን ስለ ቤቱ ውል ብዙ ተባለ፤ ስለ ሥራው ውል ግን አልተባለም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ አይደለሽም ከተባልሽ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሣ ልትሰናበቺ ትችያለሽ። ባለትዳር የሆነ ሰው በዚህ ጊዜ ሥራው ቢቀርበት የባለቤቱ ደመወዝ ቤቱን ሁለት ወር ያቆየዋል። አንቺ ግን በዚያ ቤት ያለሽው ደመወዝ አንድ ነው፤ ሲቆም ሁሉም በአንድ ቀን ይቆማል። ስለዚህ የሙከራ ጊዜሽን እስክትጨርሺ ድረስ በስምሽ የረጅም ጊዜ ውል አትግቢ፤ ቀድሞ የተከራየ ሰው ቤት ውስጥ ተጠግተሽ ድርሻሽን ክፈዪ። በተጨማሪም ከመሄድሽ በፊት የሦስት ወር ወጪሽን የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ ይኑርሽ። ይህ ከሌለሽ እኔ በበኩሌ አትሂጂ እላለሁ፤ የቀረው ምክር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሁን ከምትሠሪበት ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ፤ አዲሶቹ «ነገ ጀምሪ» ቢሉሽ ይህን ንገሪያቸው። በደንብ የሚሠራ ድርጅት የቀድሞ ሥራውን በሥርዓት የሚለቅ ሠራተኛ አይጠላም። የጡረታ አገልግሎት ዘመንሽ አይቋረጥም፤ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ መሄድ ብቻ ነው።

ስለ ደመወዙም፦ 22,000 ሲሉሽ ዝም ብለሽ አመሰገንሽ አይደል? ብዙ ጊዜ የምናየው ይኸው ነው፤ በተለይ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው የቀረበለትን ይቀበላል። ደመወዙን ጨምሩ ብትያቸው ከእያንዳንዱ 100 ብር 35ቱ ለግብር፣ 7ቱ ለጡረታ ይሄዳል፤ የሚደርስሽ 58 ብር ነው። የመጓጓዣ አበል ብትጠይቂ ግን ሕጉ በወሰነው ጣሪያ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ግብር አይቆረጥበትም። ለእነርሱ የሚቀልላቸውን፣ ለአንቺም የሚበዛልሽን ጠይቂ።

የሞላሌ ልጅ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018

ትናንት ቅዳሜ ቤት ለማየት አዲስ አበባ ውዬ መጣሁ። ከደብረ ብርሃን በ11 ሰዓት ስነሣ ውርጩ የመኪናውን መስታወት ሸፍኖት ስለነበር ሾፌሩ በፕላስቲክ ካርድ እየፋቀ ነበር፤ ላምበረት ስንደርስ ግን ጋቢዬን አውልቄ በክንዴ ያዝኩት።

መጀመሪያ ከእልኸኝነት የተነሣ ኮተቤን አየሁ። ደላላው ለማሳያ 300 ብር ተቀብሎኝ በሁለት ቅያስ አዙሮ አንድ ግቢ አስገባኝ። ክፍሏ ሰርቪስ ናት፤ አልጋ ከገባ ለጠረጴዛ ቦታ የለም። ከመስኮቱ በታች ግድግዳው አብጦ ቀለሙ ተልጧል፤ ስነካው ጣቴ ላይ እርጥበት ቀረ። ግቢው ውስጥ 11 ቢጫ ጀሪካኖች በአንድ ረድፍ ተደርድረው ክዳናቸው ላይ በእስክሪብቶ ስም ተጽፎባቸዋል፤ ውሃው በሳምንት ሁለት ሌሊት እንደሚመጣ የነገረችኝ እዚያው ልብስ የምታጥብ ልጅ ናት። መጸዳጃ ቤቱ ለአምስት ክፍል አንድ ነው። ዋጋው 6,500 ብር፤ መብራት በቆጣሪ ሳይሆን በግምት 500 ብር። አከራይዋ የስድስት ወር በአንድ ጊዜ እንድከፍል ጠየቁኝ። አዋጁን በትሕትና ባነሣላቸው ሳቁ፤ ቀጥለውም «ውሉ ላይ 3,000 ብር ነው የምንጽፈው፤ ቀሪውን በእጅ ትሰጪኛለሽ» አሉኝ። የሒሳብ ባለሙያ መሆኔን አልነገርኳቸውም። በወሩ አጋማሽ ላይ ተጣልተን ብንካሰስ እኔ 6,500 መክፈሌን የሚያሳይ አንድም ወረቀት እንደማይኖረኝ ግን እዚያው ቆሜ አሰላሁት።

ከሰዓት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። የጓደኛዬ ቤት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሮቶ ስላለው ውሃ ቢጠፋም ሦስት ቀን ያቆያል። ጠቅላላ ኪራዩ 9,000 ብር ነውና ድርሻዬ 4,500 ይሆናል። ከዚያ እስከ መሥሪያ ቤቱ ለመሄድና ለመመለስ በቀን 40 ብር ይበቃል። እንደገና ሳሰላው ከ14,810 ላይ ኪራይ 4,500፣ ለእናቴ 2,000፣ መጓጓዣ 1,040 ሲነሣ 7,270 ብር ይቀረኛል። አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ለእናቴ ልኬ የሚቀረኝ 4,410 ብር ነው። ልዩነቱ 2,860። ምግቡ እዚያ እንደሚወደድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሁለት ሆነን አንድ ምድጃ ላይ እናበስላለን፣ በሶና ሽሮም ከሞላሌ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን አለ። ቡና ስታፈላልኝ ነው የነገረችኝ፤ ጓደኛዬ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሠርጓ ነው፤ ባሏ ቤት አለው። እንግዲህ ከሚያዝያ መጨረሻ በኋላ ያ 9,000 ብር በሙሉ እኔ ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

አረርቲ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018

ይህ የሁላችንም ታሪክ ነው። እኔ በአራት ዓመት ሦስት አብራኝ የምትኖር ሴት ድሬያለሁ፤ ሚዜም የሆንኩበት አለ። ሰው ሲያገባ የሚቀረው ሰው ኪራይ ይጨምራል፤ በሠርጉ ላይ ደግሞ ስጦታ ይዞ ይሄዳል። ግን ሚያዝያ ድረስ አምስት ወር አለሽ፤ በአምስት ወር ውስጥ መሥሪያ ቤትሽ ያሉ ላጤ ሴቶችን ሁሉ ታውቂያቸዋለሽ። ሌላ የምልሽ፣ ጓደኛሽ ከመውጣቷ በፊት አከራዩን በአካል አስተዋውቂሽ በያት፤ ውሉ በስሟ ነውና እርሷ ወጣች ማለት አንቺም ውጪ ነሽ ማለት እንዳይሆን።

ጠባሴ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018

የጎረቤቶችሽን ስም ገና በገባሽበት ሳምንት እወቂ። ከሰባተኛው ወር በኋላ መጠየቅ ያሳፍራል፤ እኔ ያፈርኩት እንደዚያ ነው። በሩን አንኳኩተሽ ጨው ተበደሪ፤ ጨው ቢኖርሽም።

መምህር ከሰላ ድንጋይ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018

ልጄ፣ እናትሽ ያለችውን ሳነብ የምመልሰው አጣሁ። አሁንም ብቻ መውረዱን አልወደድኩትም፤ ጓደኛሽም እያገባች መሆኗን ስሰማ ምክሬ ፍጹም የተሳሳተ አለመሆኑን አሰብኩ። ሆኖም 4,410 እና 7,270ን አነጻጽሬ ተማሪዬ ብትሆኚ ኖሮ ለዚህ ስሌት ሙሉ ነጥብ እሰጥሽ ነበር። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ገና በዓልን ሞላሌ ውለሽ ሂጂ።

የሞላሌ ልጅ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018

ዛሬ ጠዋት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዬን አስገባሁ። ኃላፊዬ ደብዳቤውን አንብበው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እኔም በአንቺ ዕድሜ ልሄድ ነበር» አሉኝና ፈረሙበት።

ጫጫ ባልከኝ መሠረት ደመወዙን ሳይሆን የመጓጓዣ አበል ጠየቅሁ፤ ሁለት ቀን አቆይተው 1,500 ብር ፈቀዱልኝ። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው። ሥራ የምጀምረው ሰኞ ጥር 4 ስለሆነ በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ያልቃል፤ ከጓደኛዬ ሠርግ በፊት ማለት ነው። በባንክ ያለኝ 31,000 ብር ሲሆን የሦስት ወር ኪራይ፣ መጓጓዣ፣ ቀለብና የእናቴን ድርሻ ለመሸፈን ሳሰላው ጥቂት ይጎድለዋል፤ የጥቅምት እቁብ ተራዬን በታኅሣሥ ለሚወጣላት ልጅ ቀይሬ ስለነበር በቅርቡ እጄ ይገባል፣ ይሞላል። የጓደኛዬ አከራይ በስልክ አናግረውኛል፤ ከሚያዝያ በኋላ ውሉን በስሜ ለማዛወርና በትክክለኛው ዋጋ ለማስመዝገብ ተስማምተዋል፤ ቅድሚያ ክፍያውም የሁለት ወር ብቻ ነው። የቃል ስምምነት ስለሆነ እስኪጻፍ ድረስ አላምነውም።

መምህር፣ የሥራ መልቀቂያዬ ታኅሣሥ 24 ይሞላል። ገናን ሞላሌ ነኝ፤ ጥር ሥላሴን ግን ሥራ ላይ እሆናለሁ፤ ይህን ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።

ይህንን ውይይት የምታነቡ ከሰሜን ሸዋ መጥታችሁ ቃሊቲ፣ አቃቂ ወይም ገላን የምትሠሩ ሴቶች ካላችሁ፦ ከግንቦት 1 ቀን 2018 ጀምሮ ቱሉ ዲምቱ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሮቶ ያለው ቤት ለመጋራት የምትፈልግ አንዲት ሴት እፈልጋለሁ። ድርሻዋ በወር 4,500 ብር ነው። የፈረቃ ሠራተኛ ብትሆን እመርጣለሁ። በቅርቡ ሠርግ ያላት እንዳትሆን ማለቱ ነውር ይሆንብኛል፤ ቢያንስ ቀኑን አስቀድማ ብትነግረኝ።